የጠጅ ሰፈፍና የብርቱካን ልጣጭ

(በሬዲዮ ከተደረገው ንግግር)



ጠጅ የሚጥል ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ማሩ በውሃ ተበጥብጦ ሁለትና ሦስት ቀን ሲሰነብት በላዩ ላይ ቢጫ ነገር እየተንሳፈፈ ይወጣል። ይህም ሰፈፍ ይባላል። ስሙ የተገኘው ከግብሩ ነው፤ ሰፈፈ ማለት በውሃ ላይ ተንሳፈፈ ማለት ነውና። ጠጅ ጣዩ ይህን ገፍፎ ካወጣ በኋላ ጌሾውን ጨምሮ ሥራውን ይቀጥላል፤ ጠጪውም ብርሌውን ሲያነሣ ስለ ሰፈፉ የሚያስበው ነገር የለም። ይሁን እንጂ ይኸው ከጋኑ አፍ የተገፈፈው ነገር ቀልጦ፣ ተጣርቶና ነጥሮ ሲወጣ የንብ ሰም ይሆናል። የንብ ሰምም በአውሮፓ የምግብ ሕግ መዝገብ ውስጥ «ኢ 901» የሚል ቍጥር ተሰጥቶት፣ በከረሜላና በቸኰላታ፣ በለውዝና በፍራፍሬ፣ በቡና ፍሬ እንኳ ሳይቀር በስሱ ለልባስነት እንዲቀባ የተፈቀደ ነው።

በዛሬው ንግግራችን ከእርሻና ከምግብ ሥራ የሚተርፈው ነገር እንደ ምን ባለ መንገድ ቢያልፍ ተመልሶ ለምግብ ረዳት ሊሆን እንደሚችል፣ ይልቁንም አንዳንዱ ትራፊ ዋጋ አግኝቶ ሌላው የሚጣልበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ እንመለከታለን። ምሳሌዎቻችንንም አብዛኛውን ከአራዳና ከፒያሳ እንወስዳለን፤ ጠጁ፣ ቡናው፣ ኬኩና ፍራፍሬው እንደዚያ ተቀራርቦ የኖረበት ሰፈር በአዲስ አበባ ብዙ አይገኝምና።

አስቀድመን የምንናገርበትን ቃል እናስረዳ። የምግብ ተጨማሪ ስንል ለጥጋብ የሚበላውን ሳይሆን፣ የምግቡን መልክ ለማሳመር፣ ጣዕሙን ለመርዳት፣ ፈሳሹን ለማወፈር ወይም ቶሎ እንዳይበላሽ ለማድረግ በጥቂቱ የሚጨመረውን ነገር ማለታችን ነው። ተረፈ ምርት ስንል ደግሞ ዋናው ነገር ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ገለፈት፣ ልጣጭ፣ አተላና ዝቃጭ ማለታችን ነው። ለቃሉ እንግዳ ብንሆን ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። የእንጀራ ሊጥ ቦክቶ ሲያበቃ ከላይ የሚጠልለው ቢጫ ውሃ ይቀዳና ጥቂቱ ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ ይሆናል፤ ይህን ያላየች የቤት እመቤት የለችም።

ወደ ሰሙ እንመለስ። ሰምን የምትሠራው ወጣቷ ሠራተኛ ንብ ናት። ከሆዷ በታች ካሉት ዕጢዎች በስስ ቅርፊት መልክ ታወጣዋለች፤ በአፏም አላምጣ የማሩን እንጀራ ታንጽበታለች። አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ንቦች ከ6 እስከ 8 ኪሎ የሚሆን ማር ይበላሉ ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ በጋኑ አፍ ላይ የሚንሳፈፈው ነገር ለንቦቹ ርካሽ አይደለም። በባህላዊው ቀፎ ማር ሲቈረጥ እንጀራው ከነማሩ ስለሚወጣ ሰሙ ከማሩ ክብደት እስከ አንድ ዐሥረኛ ይደርሳል። በዘመናዊው ቀፎ ግን ማሩ በመሣሪያ ተሽከርክሮ ከወጣ በኋላ ባዶው እንጀራ ለንቦቹ ስለሚመለስ፣ የሚገኘው ሰም ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ ለማሩ ብዛትና ጥራት የሚመሰገነው ዘመናዊ ቀፎ ለሰም ፈላጊው ያን ያህል አይጠቅመውም ማለት ነው። ይህን ነገር ስለ ንብ እርባታ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ አያነሡትም፤ መነሣት ግን ይገባው ነበር።

አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚውን ስፍራ የያዘች፣ በሰምም በዓለም ከታወቁት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ከማሩ አብዛኛው ለጠጅ ስለሚውል፣ ለውጭ ገበያ የሚላከው ሰም በብዛት የሚሰበሰበው ከጠጅ ቤቶች ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይቆም የነበረው ታላቁ የአራዳ ገበያ ሳይበተን፣ ሰም ከቡና፣ ከቆዳ፣ ከዝሆን ጥርስና ከዝባድ ጋር ወደ ባሕር ማዶ ከሚጫኑት ዕቃዎች አንዱ ነበር። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ዛሬው መርካቶ ተዛወረ፤ የሰሙ ንግድ ግን አልተቋረጠም። ከሰሙም ከፊሉ እዚሁ ቀርቶ ጧፍ ይሆናል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰፈፉ በጆንያ ታስሮ በሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለ ሆነ ውሃው እስኪንተከተክ መፍላት አያስፈልገውም። ጆንያው ሲጨመቅ ሰሙ በሽመናው መካከል ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የንቡ ሬሳና ሌላው ጉድፍ በውስጡ ይቀራል። ውሃው ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ሰሙ እንደ ድፎ ዳቦ ይረጋል፤ ከሥሩ የተጣበቀው ዝቃጭ በቢላዋ ይፋቃል። በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው በብረት ወይም በመዳብ ድስት ማቅለጥ ነው፤ ሰሙ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ መልኩ ይጠቍራል። ሁለተኛው እሳቱን ማብዛት ነው፤ ያን ጊዜ መዓዛውም መልኩም ይጠፋል። የማይዝግ ብረት ወይም አሉሚኒየም የተሻለ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ግን በስሕተት ሳይሆን በዐውቆ አጥፊነት የሚደረገው ነው። ሞራ ወይም ከነዳጅ ዘይት የሚወጣውን ፓራፊን ቀላቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ ለጊዜው ኪሎውን ያበዛል። ለመብራት የተገዛ ሰም ቢደባለቅ ጧፉ ይጨሳል፤ ለምግብ የተገዛ ሰም ቢደባለቅ ግን ገዢው በላቦራቶሪ የመቅለጫ ሙቀቱንና የአሲድ ልኩን መርምሮ ጭነቱን እንዳለ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለው ጭነት ሲመለስ የሚጐዳው ቀላቃዩ ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ ሰፈፍ በሠላሳ ጠጅ ቤት ዞሮ የለቀመውም ሰው አብሮ ዋጋ ያጣል።

አሁን ዋናውን ጥያቄ እንጠይቅ። ሰፈፍ ይህን ያህል ዘመን ገዢ ሲያገኝ የብርቱካኑ ልጣጭና የእሸት ቡናው ሥጋ ለምን አላገኘም? የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ገንዘብ የለም፣ ፋብሪካ የለም የሚል ነው። ይህ ከፊሉ እውነት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከዚያ የሚቀድም ምክንያት አለ፤ ሰም አይበሰብስም። በጠጅ ቤቱ ጥግ በቆርቆሮ ተቀምጦ ወርም ሁለት ወርም ገዢውን ይጠብቃል። ከዚህ ቤት ሁለት ኪሎ፣ ከዚያ ቤት ሦስት ኪሎ እየተለቀመ ኩንታል እስኪሞላ ጊዜ አለ። ልጣጭ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ጠዋት የተላጠው ማታ ይሞቃል፣ በማግሥቱ ይሻግታል፣ በሦስተኛው ቀን ዝንብ ይወርሰዋል። ስለዚህ ከተረፈ ምርት የምግብ ተጨማሪ የማውጣቱ ነገር አስቀድሞ የሚወሰነው በኬሚስቱ ጠርሙስ ዘንድ ሳይሆን ትራፊው በወደቀባቸው ጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ነው።

ይህንንም በቡና እናስተውለው። በፒያሳ እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመውን ቶሞካን የመሳሰሉ ቡና ቈይዎች ዝናቸው ለፍሬው ነው። ፍሬው ግን ከእርሻው እስከ ስኒው ሲመጣ ሦስት ልብስ ያወልቃል። ቡናው ሳይታጠብ በፀሐይ የደረቀ እንደ ሆነ፣ ጀንፈሉ ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይቀራል። የሚታጠብ እንደ ሆነ ደግሞ ቀዩ ሥጋ በርጥቡ ይወጣል፤ ይህ በማጠቢያው አጠገብ ሲከመር ወይም ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ውስጡ ያለው ስኳር እየቦካ የውሃውን አየር ይጨርሰዋል፤ ከታች ያለውም ዓሣና ሰው ይቸገራል። በመጨረሻም ቡናው ሲቈላ ስስ የብር መልክ ያለው ልባስ ይረግፋል፤ ይህ በቈይው መሣሪያ ሥር የሚጠረገው ነው።

ገለፈቱን መጠቀም ለሐረር ሰዎች አዲስ ትምህርት አይደለም። እነርሱ ከጥንት ጀምሮ ገለፈቱን አፍልተው ከወተት ጋር ሆጃ ብለው ይጠጡታል፤ ከቀይ ባሕር ማዶም የየመን ሰዎች ቅሽር ይሉታል። የአውሮፓ ኅብረት የደረቀውን የቡና ሥጋ በገበያው እንዲሸጥ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ ለፈቃዱ መሠረት የሆነውም በሌሎች አገሮች ለረዥም ዘመን ሲጠጣ መኖሩ ነው። በገለፈቱ ውስጥ ካፌይን፣ ቅባት ቶሎ እንዳይሻግት የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች፣ ከዚህም ሌላ የሚያወፍር ፔክቲን ይገኛሉ። በውሃ ተፈልቶ የወጣው ጭማቂ ለመጠጥ ጣዕምና ቀለም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በመሬት ላይ ተሰጥቶ ዝናም የነካው ገለፈት ሻጋታ ያበቅላል፤ አንዳንዱም ሻጋታ ኦክራቶክሲን የሚባለውን ለኵላሊት የሚከፋ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ በማፍላት ብቻ አይጠፋም። ስለዚህ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ በፍጥነት የደረቀው ብቻ ለምግብ ይታጫል፤ የቀረው ለማገዶና ለማዳበሪያ ይሁን።

አሁን ወደ ብርቱካኑ እንምጣ። በፒያሳ ጭማቂ ቤቶች የሚቀርበውን በደርዝ በደርዝ የተቀዳ ስፕሪስ የማያውቅ የከተማችን ወጣት ጥቂት ነው። ብርቱካን ሲጨመቅ ግማሽ ያህሉ ልጣጭና ገለባ ሆኖ ይቀራል። በልጣጩ ነጭ ክፍል ውስጥ ፔክቲን ይገኛል፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1825 ያወጣለት ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ብራኮኖ ነው። ማርማላታ እንደ ውሃ እንዳይፈስ አርግቶ የሚይዘው ይህ ነው፤ በአውሮፓ መዝገብም «ኢ 440» ይባላል። በደረቅ የብርቱካን ልጣጭ ውስጥ ከመቶ ከ20 እስከ 30 እጅ ይገኛል። አወጣጡ እንዲህ ነው፤ ደረቁ ልጣጭ በጥቂት አሲድ በኰመጠጠ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቈያል፣ ፔክቲኑ ወደ ውሃው ይገባል፣ ውሃው ይጣራል፣ አልኮል ሲጨመርበትም ፔክቲኑ እንደ እርጎ ተቋጥሮ ይወጣል። ከዚያ ይጨመቃል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል።

ልኩን በኪሎ እንየው። ዐሥር ኪሎ ብርቱካን ተጨምቆ አምስት ኪሎ ያህል ልጣጭና ገለባ ይቀራል። ከዚህ ከአምስት እጅ አራቱ ውሃ ስለ ሆነ ሲደርቅ አንድ ኪሎ ይሆናል። ከአንዱ ኪሎ በዝቅተኛው ግምት ሁለት መቶ ግራም ፔክቲን ይወጣል፤ ይህም ከመቶ አንድ እጅ ቢጨመር ሃያ ኪሎ ማርማላታ ያረጋል። ልጣጩ ግን ሳይደርቅ ካደረ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ፔክቲኑን እየቈራረጡ የማርጋት ኀይሉን ያሳጡታል፤ ሻጋታው ሳይታይ በፊት ጥቅሙ አልቋል። ፔክቲን የሚሠሩ የውጭ አገር ፋብሪካዎች ልጣጩን በቶሎ አጥበው የሚያደርቁት ስለዚህ ነው።

ስለ አተላ ጥቂት ቃል እንጨምር። ትራፊ ሁሉ ወደ ምግብ ተጨማሪነት ይለወጥ ብሎ መነሣት ሞኝነት ነው። የጠላው አተላና የቢራ ፋብሪካው የብቅል ገለባ፣ የኑጉም ፋጉሎ ለከብት ማድለቢያ ይውላል፤ በሬው በልቶት በሥጋ ቤቱ በር ተመልሶ ይመጣል። ይህን ብክነት ልንለው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1922 ከተቋቋመው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጀምሮ በቢራ ፋብሪካዎች ሁሉ ከጋኑ ሥር የሚቀረው እርሾ ግን ሌላ ነገር ነው። እንግሊዞች በበርተን ከተማ እንዲህ ያለውን የቢራ እርሾ አቅልጠው፣ ጨው ጨምረው እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ ማርማይት ብለው ይሸጡታል፤ ዛሬ ለሾርባና ለወጥ ማጣፈጫ የሚሆነው የእርሾ ጭማቂ በዓለም ዙሪያ ተፈላጊ ነው። ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ሲያወጣ አብሮ የሚፈሰው ሞላሰስም የሲትሪክ አሲድ እናት ሊሆን ይችላል። የሎሚው ኮምጣጣ ኀይል ቀድሞ ከሎሚ ብቻ ይወጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካዊው ጄምስ ካሪ ጥቍር ሻጋታ ስኳርን ወደዚህ አሲድ እንደሚለውጥ ካሳየ በኋላ፣ ዓለም የሚጠቀምበት ሲትሪክ አሲድ አብዛኛው ከስኳርና ከሞላሰስ የሚገኝ ሆኗል።

እዚህ ላይ አድማጭ አንድ ተገቢ ሥጋት ያነሣ ይሆናል። በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ላይ ሌላ ቅባት፣ ጤፍ ላይ ጄሶ ተቀላቀለ የሚል ወሬ በየጊዜው የሰማ ሰው፣ ደግሞ ከቆሻሻ የወጣ ነገር ልታበሉን ነው ወይ ቢል አይፈረድበትም። መልሱ እንዲህ ነው። ባዕድ ነገር የሚቀላቅለው ሰው ይደብቃል፤ የምግብ ተጨማሪ የሚያዘጋጅ ግን የጨመረውን በስሙና በልኩ በመጠቅለያው ላይ ይጽፋል፣ ይመረመራልም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112/2011 የምግብን ደኅንነት የሚቈጣጠር አካል ሥልጣን ይሰጣል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ደግሞ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የሻጋታ መርዝም ተፈጥሯዊ ነው። በብርቱካን ልጣጭ ላይ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት እንደ ሆነ ፔክቲኑ ከመውጣቱ በፊት መመርመር አለበት። የአቮካዶን ፍሬ ፈጭቶ ለመድኃኒትም ለምግብም ይሆናል የሚለው የሰሞኑ ወሬ እንዲሁ ምርመራ የሚያስፈልገው እንጂ ተቀብለውት የሚሄዱበት አይደለም።

ጥፋቱ ግን ከመቀላቀል ብቻ አይመጣም፤ ሳይለዩ ከመጣልም ይመጣል። ከአዲስ አበባ ቤቶች የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። ልጣጩ፣ የቡናው አተላ፣ የተሰበረው ጠርሙስና ፕላስቲኩ በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ይሄዱና በአንድ ተራራ ላይ ይከመራሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ይህ ተራራ ተንዶ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ በዚያው አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ድኾች ነበሩ።

ፒያሳ ራሷ በነዚህ ዓመታት ተለውጣለች። ለረዥም ዘመን የከተማው የፍራፍሬ ጐተራ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በፈረሱት ቦታዎች አዳዲስ ሕንፃዎች ሲሠሩ ለምግብ ቤቶች የሚሆን የትራፊ መለያ ስፍራ ከመነሻው በፕላኑ ቢገባ ወጪው ጥቂት ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ደረጃ ሥር ከተቀመጠ በርሜል የተሻለ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ፋብሪካው እስኪመጣ ድረስም ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። የጭማቂ ቤት ባለቤት ፔክቲን ያውጣ አንልም፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። እርሱ ሊያደርግ የሚችለው ልጣጩን እንደ ሰፈፍ ጠባቂ ማድረግ ነው። ብርቱካኑ ሳይላጥ በፊት ይታጠብ። ልጣጩ በዕለቱ በጣት ውፍረት ይከተፍ፤ ኢንዛይሙ እንዲሞት ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውሃ ይነከር፤ ስኳሩ እንዲወጣ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅና ይጨመቅ። በበጋ በወንፊት አልጋ ላይ ከአቧራ ተከልሎ በፀሐይ ይሰጣ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ፀሐይ አይገኝም፤ ለልጣጭ ብሎ ማገዶ ማንደድም አያዋጣም። በዚህ ረገድ የፒያሳ ዳቦና ኬክ ቤቶች ጎረቤታቸውን ሊረዱ ይችላሉ፤ ምድጃቸው ማታ ከጠፋ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀቱን ይዞ ይቈያልና። ልጣጩ በትሪ ላይ በስሱ ተዘርግቶ፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ በሩ ጥቂት ተከፍቶ ይተው። ጠዋት ሲወጣ በእጅ ይሞከር፤ እንደ ቅርፊት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ በጆንያ ታስሮ ገዢውን ይጠብቃል፤ ከታጠፈ ግን ውሃ አለበትና ማታ ተመልሶ ይግባ።